ሩቅ ማየት የሚያስቸግረው ሠራተኛ በውኃና በጭጋግ መካከል፦ የዕይታ ማስተካከያ አመራረጥ ከመጥለቂያ ጭምብል እስከ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ

መግቢያ

በቡና ለቀማ ወራት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ የተለቀመ እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ በማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ይቀጥላል። ከመፈልፈያው ማሽን የሚረጨው ውኃ፣ ከማብላያ ገንዳው የሚነሣው እርጥበትና የአካባቢው ጭጋግ አንድ ላይ ተደምረው መነጽር ያደረገውን ሠራተኛ ካላደረገው ይልቅ እንዳያይ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። በሁለቱም ዓይኖቹ −2.50 ዳዮፕተር ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቅ የማየት ችግር ያለበት የ22 ዓመት ወጣት እንዲህ ባለ ጣቢያ ተቀጠረ እንበል። ጅማ ድረስ ሄዶ ያሠራውን መነጽር በመጀመሪያው ሳምንት በየጥቂት ደቂቃው እየጠረገ ይሠራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት መነጽሩ ከኪሱ ወድቆ ከቡናው ገለፈት ጋር በቦዩ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዱ ይህን ሰምቶ ኮንታክት ሌንስ ሊልክለት ቃል ይገባለታል። ወጣቱ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ "ሌንሱ ይሻለኛል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ የጤና ባለሙያው ምን ይመልስለታል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ሥልጠና የሌንስ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራል እንጂ ቁጥሩ የታወቀለት ሰው በምን ዓይነት ማስተካከያ፣ በየትኛው ሥራ ላይ፣ ምን እያደረገ ሊጠቀምበት እንደሚገባ እምብዛም አያነሣም። ይህን ጉዳይ በጥልቀት ሲመረምር የኖረው የሕክምና ዘርፍ ከቡና ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ነው፤ እርሱም በአየር ጋን እየተነፈሱ ውኃ ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች የሚሰጠው ሕክምና ነው። ባሕር በሌላት አገራችን ጠላቂ ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ሥር ሆነው ወንዝና ኩሬ ውስጥ የሰጠሙ ሰዎችን የሚያወጡትን ባለሙያዎች ነው። ይሁን እንጂ ማዮፒያ ያለበት ጠላቂ የሚመለስባቸው ሦስት ጥያቄዎች፣ ማለትም ምን ያህል ርቀት ማየት አለብኝ፣ ውኃና ሌንሱን የሚለያቸው ምንድን ነው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሕክምና ምን ያህል ይርቃል የሚሉት፣ ለማጠቢያ ጣቢያው ወጣትም በትክክል ያገለግላሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ተከትሎ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

የችግሩ ስፋት ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ከዝቅተኛ ዕይታ መንስኤዎች መካከል በመነጽር ሊስተካከል የሚችለው የዕይታ ጉድለት 33.4 በመቶ ድርሻ ይዞ ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ተመዝግቧል።

መነጽር ከመታሰቡ በፊት

"ሩቅ አይታየኝም" የሚል ሰው ሁሉ ማዮፒያ አለበት ማለት አይደለም። በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችለው ከሁሉ የሚጠቅመው ምርመራ ዋጋ የለውም፤ በወፍራም ካርቶን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ መብሳት ብቻ ይበቃል። ታካሚው በ6 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለውን የዕይታ መመርመሪያ ሰሌዳ እያንዳንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ ካነበበ በኋላ በቀዳዳው በኩል እንደገና እንዲያነብ ይደረጋል። ዕይታው በግልጽ ከተሻሻለ ችግሩ በአብዛኛው በሌንስ የሚስተካከል ነው። ካልተሻሻለ የኮርኒያ ጠባሳ፣ የሞራ ግርዶሽ፣ የሬቲና ወይም የዓይን ነርቭ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ታካሚውን መነጽር ፍለጋ መስደድ ጊዜውንና ገንዘቡን ማባከን ይሆናል።

በዚህ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ መታሰብ አለበት። ፈጥነው የሚወርዱት የደቡብ ምዕራብ ወንዞች የኦንኮሰርኪያሲስ አስተላላፊ የሆነችው ጥቁር ዝንብ መራቢያ ናቸው፤ በከፋና በሸካ በኩል የኢቨርሜክቲን የጅምላ እደላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በአገራችን ይህ በሽታ ከዓይን ይልቅ ቆዳን የሚያጠቃ ቢሆንም የሚያሳክክ ቆዳ፣ የቆዳ ሥር እብጠትና የዕይታ መቀነስ አብረው የታዩበት ሰው መነጽር ብቻ ታዝዞለት መሸኘት የለበትም።

ማዮፒያ በባሕርይው በልጅነትና በወጣትነት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው። በመሆኑም በ40 ወይም በ50 ዓመቱ ድንገት ሩቅ ማየት የተሳነው ሰው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የደም ስኳር መጨመር የዓይንን የውስጥ ሌንስ ቅርጽና የብርሃን ማጠፍ ኃይል ስለሚለውጥ ሰውየው በሳምንታት ውስጥ ማዮፒያ ያለበት ይመስላል፤ ስኳሩ ሲስተካከል ቁጥሩ ይመለሳል፤ በመካከሉ የተሠራው መነጽርም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በሌንሱ እምብርት ላይ የሚጀምር የሞራ ግርዶሽም እንዲሁ ያደርጋል፤ እንዲያውም "ያለ መነጽር ማንበብ ቻልኩ" ብለው የሚደሰቱ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የዚህ ለውጥ ባለቤቶች ናቸው። ሰልፎናማይድ ያለባቸው መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ በቀናት ውስጥ የሚከሰትና መድኃኒቱ ሲቆም የሚጠፋ ማዮፒያ ሊያመጡ እንደሚችሉም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሠራተኛው የት ድረስ ማየት ይኖርበታል?

ማዮፒያ ያለበት ዓይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ አንድ የተወሰነ ርቀት ድረስ ነው። ይህም ርቀት አንድን ለዳዮፕተሩ በማካፈል በሜትር ይገኛል። −1.00 ያለበት ሰው እስከ 1 ሜትር፣ −2.00 ያለበት እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ −2.50 ያለበት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ −4.00 ያለበት እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ በጥራት ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም።

ይህ ቀላል ስሌት ከሥራው ጋር ሲገናዘብ ትርጉም ያገኛል። ቡና ለቃሚ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለየ የሚለቅመው ከዓይኑ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ ጉድለት ያለበትን ቡና የሚለቅም ሰውም እንዲሁ በክንዱ ርቀት ይሠራል። ስለዚህ እስከ −2.00 ያለበት ሰው ለእነዚህ ሥራዎች መነጽሩን ቢያወልቅ ምንም አይጎድልበትም፤ በዝናብ ጊዜ ጉም የያዘ መነጽር ከማድረግም ይሻለዋል። የ−2.50 ባለቤት የሆነው ወጣታችንም ጥቂት ጎንበስ ብሎ ቡና መልቀም ይችላል።

ነገር ግን ያው ሰው ወደ ማሳው የሚወስደውን የሚያንሸራትት መንገድ ሲወርድ፣ ከጥላ ዛፍ ሥር ቁጥቋጦ በገጀራ ሲመነጥር፣ ሳር ውስጥ የተኛ እባብ ሲኖር ወይም በሚሽከረከር የመፈልፈያ ማሽን አጠገብ በምሽት ሲቆም 40 ሳንቲ ሜትር አይበቃውም። የ−2.50 ማዮፒያ ዕይታን ወደ 6/60 አካባቢ ያወርዳል። በደብዛዛ ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ብዥታው ይብሳል፤ ቀን ላይ "ያለ መነጽር እችላለሁ" የሚል ሠራተኛ ማታ በማሽኑ አጠገብ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ ሰው የሚያመላልስ ወጣት ደግሞ ምርጫ የለውም፤ −1.00 ብቻ ቢሆን እንኳ ያለ ማስተካከያ መንዳት የለበትም።

ዕድሜም ስሌቱን ይለውጠዋል። ከ40 ዓመት በኋላ ጤናማ ዓይን በቅርብ ማየት ሲሳነው ቀላል ማዮፒያ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ በቅርብ አጥርቶ ማየቱን ይቀጥላል። በሕንድ አሳም ክፍለ ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የቅርብ ማያ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የለቀማ ምርት ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ21.7 በመቶ መብለጡን አሳይቷል። ሻይና ቡና ለቀማ በዓይን ሥራነታቸው የሚቀራረቡ በመሆናቸው ውጤቱ ለእኛም ትርጉም አለው። ይሁንና በገበያ ቀን በጉልት የሚሸጡት መነጽሮች በአብዛኛው የመደመር ቁጥር ያላቸው የማንበቢያ መነጽሮች ስለሆኑ ማዮፒያ ያለበትን ወጣት ያባብሱበታል እንጂ አይረዱትም። "መነጽር ገዝቼ ነበር፤ ይባስ አሳወረኝ" የሚል ታካሚ ሲመጣ መነጽሩን ተቀብሎ ማየት ጥሩ ነው፤ መነጽሩ ሲርቅ ፊደል የሚያሳንስ ከሆነ የመቀነስ፣ የሚያተልቅ ከሆነ የመደመር ሌንስ ነው።

ከጠላቂው የሚገኘው ትምህርት

የሰው ዓይን ብርሃንን የሚያጥፍበት ኃይል ትልቁ ድርሻ፣ ወደ 43 ዳዮፕተር የሚሆነው፣ የሚገኘው በአየርና በኮርኒያ ድንበር ላይ ነው። የውኃ ብርሃን የማጠፍ ባሕርይ (1.33) ከኮርኒያው (1.38) ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ዓይን ውኃ ውስጥ ሲገለጥ ይህ ኃይል ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በወንዝ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የዋኘ ሰው ሁሉ ነገር ብዥ ያለበት ለዚህ ነው፤ ጥቂት ማዮፒያ ያለበትም ቢሆን ከዚህ ብዥታ አይድንም። የመጥለቂያ ጭምብል ጥቅም በዓይኑ ፊት የአየር ክፍል መፍጠሩ ነው። አየሩ ሲመለስ የኮርኒያው ኃይል ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጠላቂው በየብስ ላይ የነበረው ማዮፒያ ብቻ ነው።

ጠፍጣፋው መስታወት አንድ ጉርሻ ይጨምራል። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ዕቃዎች ከእውነተኛው ርቀታቸው ሦስት አራተኛ ላይ ያሉና በአንድ ሦስተኛ ያህል የተለቁ መስለው ይታያሉ። በ4 ሜትር ርቀት ያለ ነገር በ3 ሜትር እንዳለ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት −0.50 ወይም −0.75 ያለበት ጠላቂ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ማስተካከያ አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ለሆነው ተመራጩ መፍትሔ በጭምብሉ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚገጠም የመቀነስ ሌንስ ነው፤ በየ0.50 ዳዮፕተሩ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ አስቲግማቲዝም ለበዛበት ወይም ሁለቱ ዓይኖቹ ለሚለያዩበት ሰው ደግሞ በልኩ ተሠርቶ ይለጠፋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አስቲግማቲዝምን ስለማያርም የሲሊንደሩ ቁጥር ግማሽ በዋናው ቁጥር ላይ ይደመራል። ለምሳሌ −2.50 ከ−0.50 ሲሊንደር ጋር ያለው ሰው −2.75 ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ነገሮች ስለሚቀርቡ −2.50 የሆነውን ቢወስድ ይበቃዋል። መደበኛ መነጽር ከጭምብሉ ሥር ማድረግ ግን አይቻልም፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክንዱ የጭምብሉን ጠርዝ ከፊት ቆዳ ጋር እንዳይገጥም ያደርገውና ውኃ ያስገባል።

እዚህ ላይ ለቡናው ምድር የሚጠቅመው ነጥብ ሌንሱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሌንሱ ሁልጊዜ ከመከላከያው በስተ ደረቁ በኩል ይሆናል፤ ውኃውን የሚቀበለው ሌላ ገጽ ነው። በማጠቢያ ጣቢያም የሠራተኛውን መነጽር የሚያበላሸው መነጽሩ ራሱ የፊት መከላከያ ሆኖ እንዲያገለግል መደረጉ ነው። ከመነጽሩ በላይ የሚደረግ፣ ከግንባር ተነሥቶ እስከ አገጭ የሚወርድ ጥርት ያለ የፕላስቲክ የፊት መከላከያ የሚረጨውን ውኃ ይቀበላል፤ ከጎንና ከታች ክፍት ስለሆነ አየር ያስተላልፋል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በየጤና ተቋሙ ይህ መከላከያ የተለመደ በመሆኑ ለአሠሪዎች ማስረዳት አስቸጋሪ አይሆንም።

ኮንታክት ሌንስና ውኃ

የወጣቱ ጥያቄ ዋና ክፍል ይህ ነው። ኮንታክት ሌንስ ጉም አይዝም፣ ከኪስ አይወድቅም፣ የጎን ዕይታንም አይጋርድም፤ በመሆኑም በዝናብ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ለስላሳው ሌንስ እንደ ሰፍነግ ውኃ የሚመጥ ነው። ውኃው ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ ሌንሱ ተሕዋስያንን ከኮርኒያው ጋር አጣብቆ ለሰዓታት ያቆያቸዋል፤ በሌንሱ ሥር የሚፈጠረው ጥቃቅን ጭረት ደግሞ በር ይከፍትላቸዋል።

ንጽሕናው በተጠበቀ ሁኔታ ቀን ብቻ ለስላሳ ሌንስ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት በተሕዋስያን የሚመጣ የኮርኒያ ቁስለት ይደርስባቸዋል። ሌንሱን አድርገው የሚተኙ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 20 ያሻቅባል። እነዚህ አኃዞች የተገኙት የቧንቧ ውኃ፣ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽና የዓይን ሐኪም በቅርብ ከሚገኙባቸው አገሮች ነው። እጁን በማብላያ ገንዳ ውስጥ ሲነክር ውሎ ማታ በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት ሌንስ የሚያወልቅ ሠራተኛ በዚህ ስሌት ውስጥ አልተቆጠረም።

ከተሕዋስያኑ ሁሉ የሚፈሩት ሁለት ናቸው። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኮርኒያን በስቶ ሊያልፍ ይችላል። አካንታሜባ ደግሞ በወንዝ፣ በአፈርና በቧንቧ ውኃ ውስጥ ጭምር የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ሲሆን ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ጠቅልሎ ስለሚከላከል ለመጠጥ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪን አይገድለውም። መለያው ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሄርፐስ ነው ተብሎ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ይታወቃል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ከዳነም በኋላ ጠባሳው ዕይታን ሊወስድ ይችላል። በበለጸጉት አገሮች በአካንታሜባ ከሚያዙት አብዛኞቹ ኮንታክት ሌንስ አድራጊዎች ሲሆኑ፣ በግብርና በሚተዳደሩ አገሮች ያለ ሌንስም በጭቃና በዕፅዋት ጉዳት ይመጣል። የቡና ሠራተኛ ሌንስ ሲያደርግ ሁለቱን አደጋዎች በአንድ ዓይን ላይ ይደርባቸዋል ማለት ነው። ቅርንጫፍ ዓይኑን ሲመታው የሚገባው ፈንገስም በዚሁ ላይ ይጨመራል።

በመሆኑም ለወጣቱ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፦ በማጠቢያ ጣቢያም ሆነ በማሳ ውስጥ ኮንታክት ሌንስ አይደረግም። ለሠርግ ወይም ለከተማ ጉዞ ሊያደርገው ቢፈልግ እንኳ ትክክለኛ ልክ የሚለካው በባለሙያ እንጂ በዘመድ አይደለም፤ የመነጽር ቁጥርም ሁልጊዜ የሌንስ ቁጥር አይሆንም። ሌንስን በምራቅ ወይም በቧንቧ ውኃ ማራስ፣ ሌንስ እንዳደረጉ በወንዝ መታጠብና መተኛት ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው።

ጠላቂዎችም ቢሆኑ ሌንስ እንዲያደርጉ የሚፈቀደው በጠባብ ሁኔታ ነው። በጭምብል ሥር የሚደረገው ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግለው ለስላሳ ሌንስ ሲሆን ከውኃ እንደወጡ ይጣላል። ጭምብሉ ውኃ ከገባበት ዓይን ይጨፈናል። ጋዝ የማያሳልፈው አሮጌው ጠንካራ ሌንስ ግን ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ከሥሩ የጋዝ አረፋ ስለሚፈጠር ኮርኒያን ይጎዳል፣ ዕይታንም ያደበዝዛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሌንስ ያደረገ ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን እየፈራና እያነባ ወደ ጤና ጣቢያ ሊመጣ ይችላል። ሌንሱ ወዲያው ይወልቅ። የጣፋጭ ውኃ የነካው ለስላሳ ሌንስ አብጦ ኮርኒያው ላይ ስለሚጣበቅ በጉልበት መንቀል የላይኛውን ሽፋን ይዞ ይወጣል፤ ንጹሕ የጨው ውኃ (0.9 በመቶ) በተደጋጋሚ እየተጨመረ እስከ ግማሽ ሰዓት ቢጠበቅ በራሱ ይላቀቃል። ሌንሱና ማስቀመጫው ለላቦራቶሪ ስለሚፈለጉ አይጣሉም፤ ከታካሚው ጋር ይላካሉ። ዓይኑ በፋሻ አይሸፈን፤ ሙቀትና ጨለማ ለተሕዋስያኑ ምቹ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አይሰጥ። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የቴትራሳይክሊን ቅባት ሱዶሞናስን አይገታም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ጄንታማይሲን ጠብታ በየሰዓቱ እየተጨመረ ታካሚው በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት። ከሚዛን እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ያለው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ "ነገ ጠዋት ተመለስ" ብሎ አይሸኝም።

መነጽሩን ለቦታው ማመቻቸት

እንግዲህ የሚቀረው መነጽር ነው፤ እርሱም ቢሆን ለቢሮ የተሠራ መሆን የለበትም። የብርጭቆ ሌንስ ቅርንጫፍ ሲመታው ይሰባበራል፤ ስብርባሪውም ዓይን ይወጋል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ግን ቀላልና ምት የሚችል ነው፤ ጉድለቱ ቶሎ መጫሩ ስለሆነ በደረቅ ሸሚዝ ጫፍ ከመጥረግ በፊት በውኃ መታጠብ አለበት። ክፈፉ ሰፋ ያለ፣ አፍንጫ ላይ በትንንሽ መደገፊያዎች የሚቆምና ከጉንጭ ጥቂት የራቀ ቢሆን አየር ስለሚዘዋወርበት ጉም አይበዛበትም። ከጆሮ ጀርባ የሚያያዝ ላስቲክ ወይም ገመድ ዋጋው ከቁጥር የማይገባ ሲሆን የወጣቱን መነጽር ከቦይ ያድነው ነበር።

ጉም የሚፈጠረው የትንፋሽና የላብ ሙቅ እርጥበት ከቀዝቃዛው ሌንስ ጋር ሲገናኝ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ስለሚያርፍበት ነው። ጠብታዎቹ ብርሃንን ይበትናሉ። ሌንሱ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይጠረግ በአየር ቢደርቅ የሚቀረው ስስ የሳሙና ሽፋን እርጥበቱ ጠብታ እንዳይሠራ አድርጎ ያነጥፈዋል። ጠላቂዎች ጭምብላቸውን ከመልበሳቸው በፊት በሕፃናት ሳሙና ወይም በምራቅ የሚያሹት ለዚሁ ነው። በጣቢያው ጠዋትና ከምሳ በኋላ ሁለት ጊዜ ማድረጉ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ጥቁር መነጽር በመጨመር ግን የሚገኝ ነገር የለም፤ በምሽት ሥራ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው።

ከማብላያ ገንዳ የሚረጨው ውኃ ቡናው በሚብላላበት ጊዜ አሲድነት ስላለው ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት።

ስለ ቀዶ ሕክምና

"በጨረር ተሠርቶ መነጽር መጣል ይቻላል ይባላል" የሚል ጥያቄ ከሚዛን ተማሪዎች ዘንድም መሰማት ጀምሯል። ላሲክ በሚባለው ዘዴ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተነሥቶ ጨረሩ ከተሠራ በኋላ ክዳኑ ይመለሳል። ክዳኑ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በብርቱ ምት ሊንሸራተት ስለሚችል ቅርንጫፍ ፊት ለሚመታው ሠራተኛና ለወታደር ክዳን የሌለው ፒአርኬ የተሻለ ነው። ለጠላቂዎች ከፒአርኬ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከላሲክ በኋላ አንድ ወር ከውኃ መራቅ ይመከራል። ቁጥሩ ገና እየጨመረ ያለ ወጣት ለማንኛውም ዓይነት ቀዶ ሕክምና አይታጭም። የገንዘቡና የክትትሉ ነገር ሲታሰብ ለማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ጨረሩ የሚለውጠው ኮርኒያውን ብቻ ስለሆነ የዓይኑ ርዝመትና የተሳሳው ሬቲና እንዳሉ ይቀራሉ። መነጽር የጣለ ሰውም ቢሆን ብልጭታ፣ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ካየ ሬቲናው ሊላቀቅ ስለሚችል በአስቸኳይ መላክ አለበት። ሬቲናው ተጠግኖ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተደረገለት ሰው ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ በአውሮፕላን መሄድም ሆነ መጥለቅ ተከልክሏል፤ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ የመኪና ጉዞም ጋዙን ስለሚያሰፋው ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር አይጀመርም።

የመላኪያው ወረቀት

ወጣቱ አዲስ መነጽር እንዲሠራለት ወደ ኦፕቶሜትሪስት ሲላክ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው "ዕይታ ቀንሷል" የሚል ብቻ ከሆነ የሚመለሰው ያንኑ ለቢሮ የተሠራ መነጽር ይዞ ነው። የእያንዳንዱ ዓይን ዕይታ ከቀዳዳው ጋርና ያለ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሆነ፣ በምሽት በማሽን አጠገብና በውኃ ርጭት ውስጥ እንደሚሠራ፣ የቀድሞው መነጽር እንዴት እንደጠፋ፣ ፖሊካርቦኔት ሌንስና ማሰሪያ ላስቲክ እንደሚያስፈልገው፣ የኮንታክት ሌንስ ሐሳብ ተነሥቶ ስለ ሥራው ጠባይ መተዉ ይጻፍ። ለአሠሪውም የፊት መከላከያ እንዲያቀርብ አንድ መስመር ቢታከልበት መልካም ነው። አዲሱ መነጽር እስኪደርስ ድረስ ወጣቱ ከመፈልፈያው ማሽን ተነሥቶ በቀን ብርሃን በማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና እንዲለቅም ቢደረግ የ40 ሳንቲ ሜትሩ ዕይታ ለሥራው ይበቃዋል።